የጄነሪክ እሴቶችን ማወዳደር፦ «ቲ» ምን እንደሆነ ሳናውቅ እኩልነትንና ቅደም ተከተልን መጠየቅ

ኮምቦልቻ ውስጥ የመኪና መለዋወጫ በጅምላ ለሚያከፋፍል አንድ መጋዘን የቆጠራ ፕሮግራም ሠርቼ ነበር። ሥራው ቀላል ነው፦ መዝገብ ላይ ያለው ብዛትና መደርደሪያ ላይ ተቆጥሮ የተገኘው እኩል ከሆኑ «ትክክል»፣ ካልሆኑ «ልዩነት አለ» ብሎ ያትማል። ደሴ ቤቴ ቁጭ ብዬ ስሞክረው እንከን አልነበረውም። ሥራ በጀመረ በሦስተኛው ቀን ተደወለልኝ። በማግስቱ ጠዋት የሐረጎን ጠመዝማዛ ወርጄ ስደርስ የመጋዘኑ ኃላፊ የታተመውን ወረቀት ዘረጉልኝ፦

ፊልትሮ፦ መዝገብ 84፣ ቆጠራ 84፣ ትክክል
ኩሽኔታ፦ መዝገብ 112፣ ቆጠራ 112፣ ትክክል
ብሎን፦ መዝገብ 340፣ ቆጠራ 340፣ ልዩነት አለ

«አየህ ልጄ፣ ጥቂቱን ዕቃ በትክክል ያወጣል፤ ብዙ ሲሆን ነው የሚሳሳተው» አሉኝ።

እውነታቸውን ነበር። ችግሩ ያለው አንዲት አጭር ጄነሪክ ሜተድ ውስጥ ነው፤ ጄነሪክ ማለት ቁጥርም ይሁን ስም የትኛውንም ዓይነት እሴት እንድትቀበል የተጻፈች ማለት ነው፣ «ቲ»ም ገና ላልታወቀው ዓይነት የቆመ ስም ነው። ሁለት የ«ቲ» እሴቶች ተቀብላ በ == ታወዳድርና መልሱን ትመልሳለች። ጃቫ ተራ ቁጥርን ወደ ኢንቲጀር ኦብጀክት ሲጠቀልል ከ-128 እስከ 127 ያሉትን አስቀድሞ ሠርቶ አስቀምጧቸዋል፤ ስለዚህ 84 በተጠራ ቁጥር ያንኑ አንድ ኦብጀክት ይሰጣል። 340 ሲሆን ግን በየጊዜው አዲስ ኦብጀክት ይሠራል። == ደግሞ የሚጠይቀው «ኦብጀክቱ ራሱ ነው ወይ?» እንጂ «ቁጥሩ እኩል ነው ወይ?» አይደለም። ብሎኑ አልጎደለም፤ እኔ የጠየቅኩት ጥያቄ ነው የተሳሳተው።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ጄነሪክ ኮድ ስጽፍ የምከተለውን መንገድ እዚህ ላስቀምጥ። ዋናው ቋንቋዬ ጃቫ ነው፤ ሲ ሻርፕና ኮትሊን የሚለዩበትን መጨረሻ ላይ እነካለሁ። የሜተዶቹንና የክላሶቹን ስም በእኛው ፊደል ጽፌዋለሁ፤ ኪቦርድ ላይ ግን በላቲን ትተይቡታላችሁ። አጫጭሮቹ ኮዶች ሐሳቡ እንዲታይ በአማርኛ የተቀመጡ ናቸው፣ እንዳሉ ተገልብጠው አይሄዱም።

1ኛ ደረጃ፦ የትኛውን ጥያቄ እንደምትጠይቁ ለዩ

አማርኛችን «አንድ ናቸው» ሲል ሁለት ነገር ሊል ይችላል። ገበያ ላይ ሁለት ማዳበሪያ ጤፍ ጎን ለጎን ቆመዋል እንበል፤ ሁለቱም 50 ኪሎ፣ ሁለቱም ነጭ። ሻጩ «አንድ ናቸው» ቢል እኩል ናቸው ማለቱ ነው፤ አንዱን ብትሸከሙት ሌላው እዚያው ይቀራል። «ትናንት ያየሁት ማዳበሪያ ነው፣ አንድ ነው» ቢል ግን ራሱ ማዳበሪያው ነው ማለቱ ነው። ሰው ከአነጋገሩ ይገባዋል፤ ኮድ አይገባውም።

ስለዚህ ከመተየባችሁ በፊት ከሦስቱ የትኛው እንደሆነ ወስኑ፦ ራሱ ነው ወይ? እኩል ነው ወይ? ይቀድማል ወይስ ይከተላል? በጃቫ ለኦብጀክቶች የመጀመሪያውን == ይመልሳል፣ ሁለተኛውን ኢኩዋልስ፣ ሦስተኛውን ኮምፔርቱ ወይም ኮምፔሬተር። በሥራ ላይ የመጀመሪያው ጥያቄ የሚያስፈልገው በጣም አልፎ አልፎ ነው።

2ኛ ደረጃ፦ «ቲ» ምን እንደሚያውቅ እወቁ

ጄነሪክ ወደ ጃቫ የገባው እ.ኤ.አ. በ2004 በ5ኛው ስሪት ነው። ከዚያ በፊት የተጻፈው ኮድ ሁሉ እንዳይሰበር ሲባል ኮምፓይለሩ (ኮዱን ለማሽን የሚተረጉመው ፕሮግራም) ታይፖቹን፣ ማለትም የእሴቶቹን ዓይነት፣ ካረጋገጠ በኋላ «ቲ»ን ያጠፋዋል፤ ምንም ገደብ ካላሰራችሁበት በቦታው ኦብጀክት የሚለውን የሁሉ አባት ክላስ ይተካበታል። እናም ያልታሰረ «ቲ» ማድረግ የሚችለው ማንኛውም ኦብጀክት የሚችለውን ብቻ ነው፦ ኢኩዋልስ፣ ሃሽኮድ (ኦብጀክቱን ቶሎ ለማግኘት የሚያገለግል ቁጥር የሚሰጠው)፣ ቱስትሪንግና የመሳሰሉት።

ሁለት የ«ቲ» እሴቶች መካከል > ብታስገቡ ኮምፓይለሩ እዚያው ያቆማችኋል። ይህ መልካም ነው፤ «ቲ» ነገ ደንበኛ ሊሆን ይችላል፣ ደንበኛ ከደንበኛ ይበልጣል ማለት ምን ማለት እንደሆነ ማንም አልነገረውም። == ብታስገቡ ግን ዝም ብሎ ያሳልፋችኋል። አደጋው ያለው እዚህ ነው። ጄነሪክ ክላስ ውስጥ በሁለት የ«ቲ» እሴቶች መካከል == ባየሁ ቁጥር ቆም ብዬ «እዚህ ራሱነት ነው የተፈለገው?» እላለሁ። ከባዶ፣ ማለትም ከነል ጋር ማወዳደር ሲሆን ብቻ ሳልጠይቅ አልፋለሁ።

3ኛ ደረጃ፦ እኩልነትን በኢኩዋልስ ጠይቁ፣ ባዶውን አትርሱ

ኢኩዋልስን በቀጥታ ስትጠሩ ግራ በኩል ያለው ነል ከሆነ ፕሮግራሙ ይወድቃል። ከ7ኛው ጃቫ ወዲህ ኦብጀክትስ የሚባል አጋዥ ክላስ አለ፤ የእሱ ኢኩዋልስ ሁለቱን ተቀብሎ ሁለቱም ነል ከሆኑ እኩል፣ አንዱ ብቻ ነል ከሆነ እኩል አይደሉም ይላል፤ አለዚያ ወደ እሴቱ ኢኩዋልስ ይሄዳል። የመጋዘኑን ፕሮግራም ያስተካከልኩት በዚህ ነው፦

እኩል_ናቸው (ቲ አንዱ፣ ቲ ሌላው)፦
    መልስ፦ ኦብጀክትስ.ኢኩዋልስ(አንዱ፣ ሌላው)

አሬይ ከሆነ ግን ይህ አይበቃም። የአሬይ ኢኩዋልስ ውስጡን አያይም፣ ራሱነትን ብቻ ነው የሚጠይቀው። ውስጡን ለማወዳደር አሬይስ የሚባለውን ክላስ ተጠቀሙ፣ ወይም ከመጀመሪያው ሊስት ያዙ።

ይህ ሁሉ የሚሠራው በ«ቲ» ቦታ የሚገባው ክላስ ኢኩዋልስን በራሱ ከጻፈ ብቻ ነው። ካልጻፈ ከአባቱ የወረሰው ያንኑ ራሱነት ይጠይቃል፣ ወደ ነበርንበት እንመለሳለን። ስትጽፉት ሃሽኮድንም አብራችሁ ጻፉ፤ እኩል የሆኑ ሁለት ኦብጀክቶች ሃሽኮዳቸውም እኩል መሆን አለበት። ከ16ኛው ጃቫ ወዲህ ሬኮርድ የሚባለውን፣ መረጃ ለመያዝ የተሠራ አጭር የክላስ ዓይነት ብትጠቀሙ ሁለቱንም ራሱ ይጽፍላችኋል።

ብዙ ጀማሪ የሚወድቅበትን አንድ ነገር ጠጋ ብለን እንየው። ዕቃ የሚለው ክላስ ኮድ፣ ስምና ቀሪ ብዛት አለው። ሦስቱንም ኢኩዋልስና ሃሽኮድ ውስጥ አስገባን እንበል። ኩሽኔታውን ከ112 ብዛት ጋር ሃሽማፕ (ቁልፎችን በሃሽኮዳቸው በየሳጥኑ የሚያስቀምጥ መዝገብ) ውስጥ ቁልፍ አድርገን አስቀመጥነው። አንድ ተሸጠና በዚያው ኦብጀክት ላይ ብዛቱ 111 ሆነ። ሃሽኮዱም አብሮ ተለወጠ። አሁን ያንኑ ኩሽኔታ ብንፈልገው ማፑ በአዲሱ ሃሽ ወደ ሌላ ሳጥን ሄዶ «የለም» ይለናል፤ ዕቃው ግን አሮጌው ሳጥን ውስጥ ቁጭ ብሏል። ስለዚህ እኩልነት ውስጥ የማይለወጠውን ብቻ አስገቡ፦ እዚህ የዕቃውን ኮድ።

4ኛ ደረጃ፦ ቅደም ተከተል ከፈለጋችሁ «ቲ»ን እሰሩት

ትልቁን የሚያገኝ ሜተድ ስትጽፉ «ቲ ማንም ይሁን፣ ግን ራሱን ማወዳደር የሚችል ይሁን» ማለት አለባችሁ። በጃቫ ይህ ቲ ኤክስቴንድስ ኮምፔራብል ተብሎ ይጻፋል። ያኔ ኮምፓይለሩ ኮምፔርቱን እንድትጠሩ ይፈቅዳል። ኮምፔርቱ ከዜሮ ያነሰ ከመለሰ «እቀድማለሁ»፣ ዜሮ «እኩል ነን»፣ ከዜሮ የበለጠ «እከተላለሁ» ማለቱ ነው። ምልክቱን ብቻ እዩ፤ 1 ወይም -1 ይመልሳል ብላችሁ አትጠብቁ።

ገደቡን ስታስሩ ኮምፔራብል ውስጥ «ቲ»ን ብቻ አታስቀምጡ፤ የጥያቄ ምልክት ሱፐር ቲ በሉ፣ ማለትም «ራሱን ወይም ከአባቶቹ አንዱን ማወዳደር የሚችል»። ምክንያቱ ልማድ አይደለም። ቀን የሚይዘው የጃቫ ክላስ ሎካል ዴት የማወዳደር ችሎታውን የወረሰው ክሮኖ ሎካል ዴት ከሚባለው ኢንተርፌስ ነው፤ ኮምፔራብልነቱም ከዚያ ኢንተርፌስ ጋር ነው። ገደባችሁ «ከቲ ጋር ብቻ» ካለ፣ ሜተዳችሁ ቀንን አልቀበልም ይላል። ዕቃ የገባበትን ቀን ልትደረድሩ ስትሉ ለመረዳት የሚከብድ ኤረር ይገጥማችኋል፤ አብሽሩ፣ ሱፐር ስትጨምሩ ይፈታል።

5ኛ ደረጃ፦ ብልጫ ከአንድ በላይ ትርጉም ሲኖረው ኮምፔሬተር ተቀበሉ

የመጋዘኑ ኃላፊ ዕቃውን በስም ይፈልጉታል፣ ገዢው በዋጋ፣ እኔ ደግሞ ሊያልቅ በቀረበው። ሦስቱም ትክክል ነን። ዕቃ የሚለው ክላስ ውስጥ አንዱን መርጦ ኮምፔርቱ ብሎ መጻፍ ሌሎቹን ሁለት ማግለል ይሆናል። እዚህ ላይ «ቲ»ን አለማሰር፣ ይልቁንም አወዳዳሪውን ከውጭ መቀበል ይሻላል፦

የመጨረሻው (የቲ ዝርዝር፣ የቲ ኮምፔሬተር)፦
    መሪ = የዝርዝሩ መጀመሪያ
    ለእያንዳንዱ ዕቃ፦
        ኮምፔሬተር.ኮምፔር(ዕቃ፣ መሪ) > 0 ከሆነ፦ መሪ = ዕቃ
    መልስ፦ መሪ

እኔ በተቻለኝ ሁሉ ይህንን እመርጣለሁ። ኮምፔራብል የሚገባው ለቁጥር፣ ለቀን፣ ለስትሪንግ፣ ቅደም ተከተሉ አንድና የታወቀ ለሆነ ነገር ነው። ከ8ኛው ጃቫ፣ እ.ኤ.አ. ከ2014 ጀምሮ ኮምፔሬተርን መሥራት ቀሏል፦ ኮምፔሪንግ በመጀመሪያው መለኪያ ይጀምራል፣ ዘን ኮምፔሪንግ ሲተካከሉ የሚያየውን ይጨምራል፣ ሪቨርስድ ይገለብጠዋል፣ ነልስ ላስት ባዶዎቹን ወደ መጨረሻ ይልካል።

6ኛ ደረጃ፦ አወዳዳሪው እንዳይዋሽ ጠብቁት

አወዳዳሪ ሦስት ነገር መጠበቅ አለበት። ሁለቱን ቦታ ብናለዋውጥ ምልክቱ ይገለበጣል። አንደኛው ከሁለተኛው፣ ሁለተኛው ከሦስተኛው ከበለጠ፣ አንደኛው ከሦስተኛው ይበልጣል። እኩል የተባሉ ሁለት ነገሮች ደግሞ ከማንኛውም ሦስተኛ ጋር ሲወዳደሩ አንድ ዓይነት ምልክት ይሰጣሉ። ይህ ከተጣሰ ከ7ኛው ጃቫ ወዲህ ያለው ሶርት አንዳንዴ «የማወዳደሪያ ሜተዱ ውሉን ጥሷል» የሚል ኤረር ጥሎ ይቆማል። ለእኔ ያ መልካም ዕድል ነው፤ የሚያስፈራኝ ሳይናገር የተዘባረቀ ዝርዝር የሚመልስበት ጊዜ ነው።

ውሉ በብዛት የሚጣሰው በመቀነስ ነው። ብዙ ሰው ሁለት ቁጥር ለማወዳደር አንዱን ከሌላው ቀንሶ ይመልሳል። የደንበኛ ሒሳብን በሳንቲም፣ በኢንት (በጃቫ ተራ ሙሉ ቁጥር) ይዘናል እንበል። አንዱ 12 ሚሊዮን ብር አለው፣ ይህም 1,200,000,000 ሳንቲም ነው። ሌላው 10 ሚሊዮን ብር ዕዳ አለበት፣ -1,000,000,000። ልዩነቱ 2,200,000,000 ነው፤ ኢንት የሚይዘው ግን እስከ 2,147,483,647 ብቻ ነው። ስለዚህ ሞልቶ ይፈስና -2,094,967,296 ይሆናል፤ ባለዕዳው ከባለገንዘቡ በላይ ይቀመጣል። መቀነሱን ትታችሁ ኢንቲጀር ኮምፔርን ወይም ሎንግ ኮምፔርን ጥሩ።

ነጥብ ላላቸው ቁጥሮችም እንዲሁ ደብል ኮምፔርን ጥሩ። ናን የሚባለው «ቁጥር ያልሆነ» እሴት በ == ከራሱ ጋር እንኳን እኩል አይደለም፤ ደብል ኮምፔር ግን ከሁሉም በላይ አስቀምጦ ሥርዓት ያስይዘዋል።

ብርን ለመያዝ ብዙዎቻችን ቢግ ዴሲማል እንጠቀማለን፣ እሱም የራሱ ወጥመድ አለው። 150.5 እና 150.50 በኮምፔርቱ እኩል ናቸው፣ በኢኩዋልስ ግን እኩል አይደሉም፤ ኢኩዋልሱ ከነጥብ በኋላ ያሉትን አሃዞች ብዛትም ይቆጥራል። ሁለቱን በኢኩዋልስ የሚለየው ሃሽሴት ውስጥ ብታስገቡ ሁለት ይሆናሉ፣ በኮምፔርቱ የሚለየው ትሪሴት ውስጥ አንድ። ጄነሪክ ክላሳችሁ ውስጥ ሃሽሴትን በትሪሴት በቀየራችሁ ቀን የዕቃው ብዛት ይለወጣል ማለት ነው። ገንዘብ ወደ ፕሮግራሙ ሲገባ ሁልጊዜ በሁለት አሃዝ አስተካክላችሁ አስገቡት።

7ኛ ደረጃ፦ የአማርኛ ስም ሲመጣ

ይህን ክፍል የማንም አገር መማሪያ አይጽፍልንም፤ እኛው ነን የምንጽፈው። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 በ3.0 ስሪት ነው። ስትሪንግ ሲወዳደር የሚታየው የፊደሉ የኮድ ቁጥር ነው፦ ሀ 4608፣ ለ 4616፣ ሐ 4624፣ ሠ 4640፣ ረ 4648፣ ሰ 4656፣ ኀ 4736፣ አ 4768፣ ዐ 4816፣ ጸ 4920፣ ፀ 4928።

አሁን የወሎን የደንበኛ መዝገብ አስቡ። አንዱ ጸሐፊ «ሐሰን» ይጽፋል፣ ሌላው «ሀሰን»፣ ሦስተኛው «ሃሰን»። «ሠይድ» እና «ሰይድ»፣ «ዓሊ» እና «አሊ»፣ «ፀሐይ» እና «ጸሃይ» አሉ። በኢኩዋልስ ሁሉም የተለያዩ ናቸው። ሲደረደሩም ሀሰን፣ ለማ፣ ሐሰን ተብለው ይመጣሉ። ኃይሉ ከተስፋዬ በኋላ፣ ዓሊ ከወርቁ በኋላ ይገኛል። ደንበኛው በር ላይ ቆሞ «ስምህ የለም» ይባላል።

መፍትሔው ማወዳደሪያ ቁልፍ መሥራት ነው። የቁጥሮቹ አቀማመጥ ሥራውን ያቀልልናል፤ ሰባቱ ድምፆች በየቤታቸው ስለተደረደሩ መቀነስና መደመር ይበቃል፦

የስም_ቁልፍ (ስም)፦ ለእያንዳንዱ ፊደል
    ከሐ እስከ ሖ ከሆነ፦ 16 ቀንስ
    ከኀ እስከ ኆ ከሆነ፦ 128 ቀንስ
    ከሠ እስከ ሦ ከሆነ፦ 16 ደምር
    ከዐ እስከ ዖ ከሆነ፦ 48 ቀንስ
    ከፀ እስከ ፆ ከሆነ፦ 8 ቀንስ
    ውጤቱ ሃ ከሆነ ሀ፣ ኣ ከሆነ አ አድርግ

ሰባቱን ድምፆች ብቻ ንኩ፤ ስምንተኛው ቦታ ላይ ያሉት ፊደሎች በየቤቱ አንድ ዓይነት አይደሉም። ከዚያ ኮምፔሬተራችሁ በስሙ ምትክ የስሙን ቁልፍ ያወዳድር።

ቁልፉን ግን በስሙ ቦታ አታስቀምጡ። ሰው ስሙን የጻፈበት ፊደል የራሱ ነው፣ አባቱ ያወጡለት ነው፤ ደረሰኝ ላይም እንዳለ ይውጣለት። ፊደሎቹም ከጥንት ትርጉም አላቸው፤ ሥዕል የሚሥለው ሠዓሊ፣ ለምልጃ የሚባለው ሰአሊ ነው። ቁልፉ ለመፈለጊያና ለመደርደሪያ ብቻ ያገልግል።

አንድ ጥንቃቄ ደግሞ አለ። ትሪሴት ወይም ትሪማፕ አወዳዳሪው ዜሮ ካለ «አንድ ናቸው» ብሎ ሁለተኛውን አያስገባም። ሰይድ ዓሊ የሚባል ሰው በደሴና በኮምቦልቻ አንድ ብቻ አይደለም። አወዳዳሪያችሁ በስም ብቻ ከሆነ ሁለተኛው ሰይድ ዓሊ ከነሒሳቡ ይጠፋል፣ ኤረርም የለም። በስም ቁልፍ ጀምሩ፣ በዘን ኮምፔሪንግ የደንበኛ መለያ ቁጥሩን ጨምሩበት። ያኔ ሁለቱ ጎን ለጎን ይቆማሉ፣ ሁለቱም ይቀራሉ።

8ኛ ደረጃ፦ ሲ ሻርፕና ኮትሊን

ሲ ሻርፕ ጄነሪክን እ.ኤ.አ. በ2005 በ2.0 ስሪት ሲያመጣ እንደ ጃቫ ታይፑን አላጠፋውም፤ ሲሄድም «ቲ» ማን እንደሆነ ያውቃል። ባልታሰረ «ቲ» ላይ == ብትሉ ኮምፓይለሩ ይከለክላችኋል። ግን «ቲ ክላስ ይሁን» ብላችሁ ካሰራችሁት ይፈቅዳል፣ የሚጠይቀውም ራሱነትን ነው። ስትሪንግ የራሱ == ቢኖረውም እዚያ ውስጥ አይጠራም። ስለዚህ ለእኩልነት ኢኩዋሊቲ ኮምፔረር፣ ለቅደም ተከተል ኮምፔረር የሚባሉትን ዲፎልቶች ተጠቀሙ፤ ነልንም ራሳቸው ያስተናግዳሉ። እ.ኤ.አ. በ2022 ከዶትኔት 7 ጋር ከመጣው 11ኛ ስሪት ወዲህ «ቲ»ን ተገቢው ኢንተርፌስ ላይ ካሰራችሁት < እና > ራሳቸው ይሠራሉ።

ኮትሊን ውስጥ == ኢኩዋልስን ይጠራል፣ ነልንም ያስተናግዳል፤ ራሱነትን የምትጠይቁት በ === ነው። «ቲ» ኮምፔራብል ላይ ከታሰረ > መጻፍ ትችላላችሁ።

9ኛ ደረጃ፦ ፈትኑት

እኔ የተሳሳትኩት በትንንሽ ቁጥሮች ብቻ ስለፈተንኩ ነው፤ ቤቴ የሞከርኩት በ5፣ በ10፣ በ20 ነበር። አሁን ማንኛውንም ጄነሪክ ማወዳደሪያ ስጨርስ እነዚህን እሰጠዋለሁ፦ 127ን ከሌላ 127 ጋር፣ 128ን ከሌላ 128 ጋር፤ ነልን በግራ፣ በቀኝ፣ በሁለቱም፤ የኢንትን ትንሹንና ትልቁን፤ 150.5ን ከ150.50 ጋር፤ ሀሰንን፣ ሐሰንንና ሃሰንን፤ ስማቸው አንድ የሆነ፣ መለያቸው የተለየ ሁለት ደንበኞችን። አዲስ ኦብጀክት ሠርታችሁ አወዳድሩ፤ አንዱን ቫሪያብል ለራሱ ማወዳደር ስሕተቱን ይደብቀዋል።

ቀጥሎ ከእውነተኛው መዝገብ በዘፈቀደ ሦስት ሦስት እያወጣሁ በ6ኛው ደረጃ ያሉትን ሕጎች በሉፕ አስፈትሻለሁ። ሺህ ጊዜ ለመዞር ቅጽበት ነው የሚፈጀው። አንዱ ሕግ ሲሰበር ሦስቱን እሴቶች እንዲያትም አድርጉት፤ ብዙ ጊዜ ጥፋቱ እዚያው ወረቀት ላይ ይታያል፣ ብሎኑ 340 ላይ እንደታየው።